የኮሶ ሻጯ ልጅ፦ ዐፄ ቴዎድሮስን ከፍራንክፈርት ሳያቸው

በቤታችን ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ሥዕል ተሰቅሏል። አባዬ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ጠቅልሎ ያመጣው ነው። ልጅ ሳለሁ የዘመድ ፎቶ ይመስለኝ ነበር። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር አያቴ ናቸው እል እንደነበር እማዬ እስከ ዛሬ እያነሣች ትስቅብኛለች።

ባለፈው ኅዳር ለነርስነት ትምህርቴ በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል የተግባር ልምምድ ጀመርኩ። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ስለ ሥራዬ ስናወራ ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁና፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ዛሬ ቢኖሩ እኛ ክፍል ይተኙ ነበር ብዬ ቀለድኩ። አባዬ አልሳቀም። ሲኒውን አስቀምጦ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ጀግናን በሽተኛ ማድረግ ለእሱ ትልቅ ነውር መሆኑን እማዬ ቀስ ብላ ነገረችኝ።

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በአንድ በኩል ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። በሌላ በኩል ግን ቀልዴ መጥፎ ቢሆንም ከጀርባው ያለው ጥያቄ መጥፎ አይመስለኝም። ስለዚህ የንጉሡን ሕይወት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ በክፍል ውስጥ በተማርኩት መነጽር ልተርክላችሁ። እ.ኤ.አ. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መነጽሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ፣ ሰው በየቀኑ ከሚያስበው ሐሳብ ሥር ከልጅነት የመጣ ጥልቅ እምነት እንዳለ አስተማረ። ሃይማኖት ማለቴ አይደለም። ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ሌሎች ሰዎችና ስለ ዓለም ሳይጠይቅ የተቀበለው ነገር ማለቴ ነው። እኔ ዋጋ የለኝም፣ ሰው ሁሉ በመጨረሻ ትቶኝ ይሄዳል፣ ያመንኩት ይከዳኛል፣ እኔ ከሌላው የተለየሁ ነኝ፤ የመሳሰለው። ቤክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በእያንዳንዱ የስብዕና መዛባት ዓይነት ሥር የራሱ የሆነ እምነት እንዳለ አሳዩ። ከቤክ ጋር የሠራው ጄፍሪ ያንግ ደግሞ ሼማ የሚባሉትን እነዚህን እምነቶች አሥራ ስምንት አድርጎ ዘረዘረ። ሰው ከሼማው ጋር የሚኖርባቸው ሦስት መንገዶች እንዳሉም አስተማረ። አንዱ ለእምነቱ እጅ መስጠት ነው። ሁለተኛው የሚቀሰቅሰውን ነገር መሸሽ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እምነቱ ውሸት መሆኑን ለማሳየት ዕድሜ ልክ በተቃራኒው መሮጥ ነው።

የስብዕና መዛባት የሚባለው አንድ ቀን መቆጣት ወይም አንድ ጊዜ መጠርጠር አይደለም። ከወጣትነት ጀምሮ ለዓመታት የሚዘልቅ፣ በሥራም በፍቅርም በወዳጅነትም የሚታይ፣ ባለቤቱን ወይም በዙሪያው ያሉትን የሚጎዳ የስሜትና የግንኙነት ዘይቤ ነው። እምነቱ ብቻውን ሕመሙን አያመጣም። ተፈጥሮም፣ የደረሰብን ጉዳትም፣ ያደግንበት ዘመንም ድርሻ አላቸው። የሞተን ሰው መርምሮ የሕመም ስም መስጠት ደግሞ አይቻልም፤ እኔም አልሰጥም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሰው ስለ ራሱና ስለ ሌሎች ምን ያምን ነበር?

ካሳ ኃይሉ በ1811 ገደማ ቋራ ውስጥ ተወለደ። አባቱ የአካባቢው ባላባት ኃይለ ጊዮርጊስ ሲሆኑ ካሳ ገና ልጅ ሳለ ሞቱ። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ከባሏ ሀብት ድርሻ ሳታገኝ ጎንደር ገብታ በችግር ትኖር እንደነበርና ኮሶ እየሸጠች ልጇን እንዳሳደገች ይነገራል። ኮሶ መድኃኒት ነው፤ ጌታም ሎሌም ይጠጣዋል። ሻጯ ግን ትናቅ ነበር። ልጁ ከአባቱ ወገን የመኳንንት ዘር፣ ከእናቱ ጎን የገበያ መሳለቂያ ሆኖ አደገ።

ቀጥሎ በጣና አካባቢ ጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ለትምህርት ገባ። እዚያም ሳለ አንድ የተሸነፈ መስፍን በቂሙ ገዳሙን ወርሮ ተማሪዎቹን ልጆች እንዳስፈጃቸው፣ ካሳም ሸሽቶ እንዳመለጠ ታሪኩ ይናገራል። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ጎንደር ላይ ንጉሥ የሚባል ሰው ቢኖርም ኃይሉ በመሳፍንቱ እጅ ነበር፤ ዛሬ የተማማሉት ነገ ይዋጋሉ። በዚያ ዕድሜ የሚያምኑት ሰው ይከዳል ብሎ መደምደም ስሕተት አልነበረም። ልጁ በዓይኑ ያየው ይህንኑ ነው። አሠልጣኛችን ደጋግማ የምትነግረንም ይኸው ነው፤ ሥር የሰደደ እምነት ሲጀመር ልጁ ለደረሰበት ነገር የሰጠው ምክንያታዊ መልስ ነው።

ካሳ ከዘመዱ ከደጃዝማች ክንፉ ዘንድ የጦር ትምህርቱን ቀሰመ። ክንፉ ሲሞቱ ግዛቱ ወደ ራስ ዓሊ እናት ወደ እቴጌ መነን ተላለፈ፤ ካሳም ቋራ በረሃ ገብቶ ሸፈተ። የሽፍትነት ዘመኑን የሚተርኩት ሰዎች፣ የዘረፈውን ለድሆች እንደሚያካፍልና ገበሬው መሬቱን እንዲያርስ ገንዘብ እንደሚሰጥ ያወሳሉ። እየበረታ ሲሄድ ራስ ዓሊና እናታቸው ሊያለዝቡት የዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት።

እንዲሰልሉት የሰጧት ሚስት የልብ ወዳጁ ሆነች። አንድ ጊዜ ቆስሎ ሳለ እቴጌ መነን ለማዕረጉ የማይመጥን ትንሽ ሥጋ ልከውለት፣ ነገሩ ንቀት መሆኑን ተረድታ እንዲያምፅ የገፋፋችው ራሷ ተዋበች እንደነበረች ይነገራል፤ በገዛ አባቷና በአያቷ ላይ መሆኑ ነው። ከመነን መኳንንት አንዱ ደጃዝማች ወንድይራድ ደግሞ የኮሶ ሻጯን ልጅ አስሬ አመጣዋለሁ ብሎ ፎክሮ ዘመተ። ተሸንፎ ሲማረክ ካሳ ራሱን ኮሶ አጠጣው ይባላል። ሰው ይህን ታሪክ እየሳቀ ይተርከዋል፤ እኔም ስሰማው እስቅ ነበር። አሁን ግን ካሳ ስድቡን ምን ያህል ዓመት ይዞት እንደኖረ አስባለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ ታቁሳ ላይ የተባበሩትን መሳፍንት፣ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ራሳቸውን ድል አደረገ። በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ፣ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዐ መንግሥት ተቀባ። ከዚህ በኋላ አንቱ ልበላቸው።

የመረጡት ስም ሁለተኛውን እምነታቸውን ያሳያል። በፍካሬ ኢየሱስ ላይ የተመሠረተው ትንቢት፣ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ መጥቶ ፍትሕንና ሰላምን እንደሚመልስ ይናገር ነበር። ካሳም ያ ሰው እኔ ነኝ አሉ። የተናቀ ልጅ በእግዚአብሔር የተመረጠ ሆነ። ያንግ ሦስተኛ ያለው መንገድ ማለት ይህ ነው፤ ከታች ያለው ቁስል ሳይድን በላዩ ላይ ግዙፍ ነገር ይሠራበታል።

የተሠራው ነገር ደግሞ እውነተኛና ታላቅ ነበር። ይህን ሳልናገር ብቀር አባዬ በትክክል ይቆጣኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ የተበታተነችውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሡ። ወታደሩ ገበሬውን ከመዝረፍ ይልቅ ደመወዝ እንዲከፈለው ሞከሩ። የባሪያ ንግድን ከለከሉ። መንገድ ሲሠራ ከሠራተኛው ጋር ድንጋይ ተሸከሙ። ዜና መዋዕላቸው በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ተጻፈ። ለሠራዊታቸው ሲሉ የቤተ ክርስቲያንን ሰፊ መሬት ሊቀንሱ ሲነሡም ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። እንዲህ ያለ ሥራ ራሱን ተራ ሰው አድርጎ የሚቆጥር ሰው አይጀምረውም።

በነሐሴ 1850 እቴጌ ተዋበች ሞተች። ልጅ አልነበራቸውም። ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች የንጉሡን ሕይወት ከተዋበች በፊትና በኋላ ብለው ይከፍሉታል። ለእኔ ቁም ነገሩ ማጽናናቷ ብቻ አይደለም። ንጉሡ በቁጣ ሲነሡ ሌላ ትርጉም ልታሳያቸው የምትችልና እሳቸውም የሚሰሟት ሰው ነበረች። ከሁለት ዓመት በኋላ ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በሸፈተው በዘመዳቸው በጋረድ ሰዎች ቆስሎ ሞተ። ጋረድን ሊወጉ ሲዘምቱም ሁለተኛው ወዳጃቸው ጆን ቤል ንጉሡን ሲከላከል ሞተ። የበቀሉ ግድያ በጥፋተኞቹ ላይ ብቻ አልቆመም፤ ብዙ ምርኮኛ አለቀ። በዚያው ጊዜ ገደማ ያሰሯቸውን የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ትዳሩ ግን የመጀመሪያውን አልሆነም።

አሁን ወደኛ አካባቢ የሚመጣ ታሪክ አለ። ከፍራንክፈርት በባቡር አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላበት በጌልንሃውዘን አጠገብ በምትገኝ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በ1820 ሄንሪ ስተርን የሚባል ሰው ተወለደ። ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ወደ ክርስትና ከተመለሰ በኋላ፣ ለቤተ እስራኤላውያን ሊሰብክ ኢትዮጵያ የገባ ሚሲዮናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሡ እናት ኮሶ ትሸጥ እንደነበር ጠቀሰ። በጥቅምት 1856 በማይመች ሰዓት ንጉሡ ፊት ቀርቦ ክፉኛ ተደበደበ። ወረቀቶቹ ሲበረበሩና መጽሐፉ ሲተረጎም ደግሞ የእናታቸው ነገር ተነበበላቸው፤ በችሎትም ተከሰሰበት። ከአራት ዓመት በላይ ታስሮ ኖረ።

በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ነገር ነበረ። ንጉሠ ነገሥቱን የወጋቸው ግን ቋራና ጎንደር ጥለውት የመጡት ያው የልጅነት ስድብ ነው። ዘውዱ አልሸፈነውም። በሕክምና ክፍላችን አንዲት ቃል ሰምቶ ክፍሉን የሚያናውጥ ታካሚ ሳይ፣ መጀመሪያ ነገሩን ማካበድ ይመስለኝ ነበር። አሁን ቃሏ ትንሽ ብትሆንም ያረፈችበት ቦታ ትንሽ እንዳልሆነ ይገባኛል።

የንግሥት ቪክቶሪያም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1855 በወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉላቸው። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ አንድ ቢሮ ውስጥ ተረሳ። ቸልተኝነት ነበር፤ ምናልባት ከንቀትም የተነሣ ቸልተኝነት። ንጉሡ ግን ዝምታውን ያነበቡት በሚያውቁት ቋንቋ ነው፦ ናቁኝ፣ ከጠላቶቼም ጋር ዶለቱብኝ። በ1856 ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። መልሱ በእጃቸው የገባው ደብዳቤያቸውን ከጻፉ ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው።

ሥር የሰደደ እምነት ክፋቱ ራሱን መመገቡ ነው። ይከዱኛል ብለው ይጠረጥራሉ፤ ስለሚጠረጥሩ ያስራሉ፣ ይቀጣሉ፤ የተቀጡት ወይም የፈሩት ይሸፍታሉ፤ ሽፍትነቱ ደግሞ ክህደቱን ያረጋግጣል። ጎጃም ላይ ተድላ ጓሉ፣ ላስታ ላይ ዋግሹም ጎበዜ አመፁ። በመቅደላ እንደ ልጃቸው ያሳደጉትና ልጃቸውን አልጣሽን የዳሩለት ምኒልክ በ1857 ሚስቱን ትቶ አምልጦ ወሎ ገባ። ንጉሡ በመነጽር ሲሸሽ አዩት ይባላል። በቁጣ መቅደላ ላይ የነበሩትን የወሎ እስረኞች፣ ምኒልክን የተቀበለችውን የወርቂትን ልጅ ጨምረው አስገደሉ። በ1859 ራሷ ጎንደር ተዘረፈች፤ ተቃጠለች። የቀቧቸው አቡነ ሰላማም በ1860 መጀመሪያ መቅደላ ላይ በእስር ሞቱ። የድሆች ወዳጅ ሆነው የተነሡት ሰው የገበሬ መንደር የሚያቃጥሉ ሆኑ። ይህን ለሟቾቹ ስንል መሸፋፈን የለብንም። መረዳት ማለት ይቅር ማለት እንዳልሆነ በክፍላችን በየቀኑ እንማራለን።

በመጨረሻው ዓመት ከአገሪቱ በእጃቸው የቀረው ሠፈራቸውና መቅደላ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ጋፋት ላይ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ባሉባቸው አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሰባስቶፖልን አስቀለጡ። ከዚያ ገደል እየናዱ፣ መንገድ እየጠረጉ፣ በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ለወራት ወደ መቅደላ ተጓዙ። ያ ጉዞ ለእኔ ከሁሉ ይበልጥ እሳቸውን ያሳየኛል፤ ተስፋ በሌለበትም የማይበገር ጉልበት። መድፉ ጦርነቱን አላዳነም፤ ዛሬም እዚያው አምባው ላይ አለ።

የናፒየር ሠራዊት፣ እንግሊዞችና ሕንዶች 13,000 ገደማ ወታደሮች፣ ደረሰ። በጸሎተ ሐሙስ ንጉሡ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን ወደ ገደል አስወረወሩ፤ በኋላ ተጸጽተው ጸለዩ ይባላል። በማግሥቱ በስቅለት ቀን እሮጌ ላይ ወደ 700 የሚሆኑ ወታደሮቻቸው አለቁ። አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ፤ እጅ መስጠትን ግን አልተቀበሉም። በፋሲካ ማግሥት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ልጃቸው ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም ዊንዘር ነው።

ስለ መጨረሻው ውሳኔያቸው ሁለት ዓይነት ንግግር ሰምቼ አድጌያለሁ። አንዱ እብደት ይለዋል፤ ሌላው ጀግንነት። ሁለቱም ሰውየውን ከመጠየቅ ያሳርፉናል። አንድ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ መናቅን ከሞት በላይ ቢፈራ፣ በእሱና በመዋረድ መካከል አንዲት በር ብቻ የቀረች ሲመስለው የሚያደርገውን አደረገ። ሌላ በር መኖሩን የሚያሳያቸው፣ እሳቸውም የሚሰሙት ሰው በዚያች ሰዓት አጠገባቸው አልነበረም። ዛሬ ግን ሕክምናው አለ። እምነቱ ከየት እንደመጣ ከታካሚው ጋር ይፈለጋል፤ በልጅነቱ ትክክል እንደነበረ ይነገረዋል፤ ከዚያ ዛሬም ትክክል መሆኑ በትንንሽ ነገር ይፈተናል። ዓመታት ይወስዳል፤ ሰዎች ግን ይሻላቸዋል።

ይህን የምጽፈው ስለ ሞቱ ነገሥታት ብቻ አይደለም። እኛ የስደት ቤት ልጆችም የወረስነው እምነት አለ። ችግርህን ለሰው አትንገር፤ ከፈረንጁ እጥፍ ካልሠራሽ ዋጋ የለሽም፤ እርዳታ የጠየቀ ተዋረደ። አባዬ ይህን እምነት ይዞ ነው በሌሊት ፈረቃ እየሠራ ያስተማረኝ። ያው እምነት ነው ለዓመታት እንቅልፍ አጥቶ ሐኪም ጋ እንዳይሄድ ያደረገው። እኔም የመጀመሪያውን ፈተናዬን ስወድቅ ለሦስት ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም። ከእናንተ መካከል ጭንቀቱ የበረታበት ካለ፣ ጀርመን አገር በ0800 1110111 በነፃ፣ ስሙን ሳይናገር፣ ሌት ተቀን የሚሰማው ሰው አለ። መደወል ውርደት አይደለም።

ረቂቁን ባለፈው ሳምንት ለአባዬ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ፣ እስክሪብቶ ይዞ፣ ከሥዕሉ ሥር ተቀምጦ አነበበው። የሁለት ቦታዎችን ስም አጻጻፍ አረመልኝ። ከዚያ ስለ ተዋበች የጻፍኩት እንዳነሰ ነገረኝ፤ እሷ ብትኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር አለ። እኔም የጨመርኩት የእሱ ነው፤ ሌላ ትርጉም ልታሳያቸው የምትችልና የሚሰሟት ሰው መሆኗን የሚለው። እማዬ ከኩሽና ሆና ይህን ስትሰማ፣ ታዲያ አንተስ መቼ ነው የምትሰማኝ ብላ የሐኪሙን ቀጠሮ አነሣችበት።

አባዬ ለዚህ አልመለሰም። ግን ተነሥቶ ወደ መኝታ ቤትም አልገባም።